የእናቴን ፓስፖርት አሁን ወደ ኢ-ፓስፖርት ልቀይረው ወይስ ጊዜው እስኪያልቅ ልጠብቅ?

የአዳማዋ፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ምክር ፈልጌ ነው የመጣሁት፤ ትንሽ ይረዝማልና ታገሱኝ።

እህቴ ፍራንክፈርት ነው የምትኖረው። ነፍሰ ጡር ናት፣ የሦስት ወር። የመጀመሪያዋ ስለሆነ እናቴ ሄዳ እንድታርሳት ቤተሰቡ ሁሉ ተስማምቷል። እናቴ በእጇ ያለው የድሮው ፓስፖርት ነው፣ ቺፕ የሌለው። ጊዜው ሊያልቅ ገና ዓመት ከአራት ወር ይቀረዋል። ታዲያ ልቀይርላት ወይስ በያዘችው ትሂድ? ሰፈር ውስጥ ያልተባለ ነገር የለም። አንዱ አሮጌው ከእንግዲህ አውሮፓ አያስገባም ይለኛል። ሌላው አዲሱን ከያዘች ቪዛ እንኳ አያስፈልጋትም ይላል። አንዲት ጎረቤታችን ደግሞ ቺፑ ውስጥ የባንክ ሂሳብሽ ሳይቀር ይገባል፣ መንገድ ላይ በስልክ ይሰርቁሻል ብላ እናቴን እንቅልፍ ነስታታለች።

እኔን የበለጠ ያስጨነቀኝ ግን ሌላ ነው። እናቴ የተወለደችው ጥር 12 ቀን 1950 ዓ.ም. ነው። የቃና ዘገሊላ ዕለት። አያቴ የሚካኤል ታቦት ሲገባ ምጥ እንደያዛት ስትናገር ነው ያደግነው፣ ስለዚህ ቀኑ አያጠራጥርም። ፓስፖርቱ ላይ ግን ጃንዋሪ 20 ቀን 1957 ተብሎ ነው የታተመው። 1958 መሆን ነበረበት። ያኔ ቅጹን ኢንተርኔት ቤት ነው ያስሞላነው፣ ማናችንም አላስተዋልንም። ፋይዳዋ ላይ ትክክለኛው ዓመት አለ። አሁን ሁለቱ አይገጥሙም።

አሻራዋም አለ። ዕድሜዋን ሙሉ እንጀራ ስትጋግርና ልብስ ስታጥብ የኖረች ሴት ናት፣ የጣቶቿ መስመር ልሷል። ፋይዳ ስትመዘገብ ስንት ጊዜ ነው ያስደጋገሟት። አሻራሽ አልነበበም ብለው አዲሱን ፓስፖርት ቢከለክሏትስ?

በናታችሁ የምታውቁ ንገሩኝ።


ሰርኪዩት፦

እንኳን ደስ አላችሁ፣ እህትሽን በሰላም ትገላገል።

ከወሬው ልጀምር። የቪዛው ነገር እውነት አይደለም። ከየት እንደመጣ ግን ይገባኛል። ሞልዶቫ እ.ኤ.አ. በ2014፣ ጆርጂያና ዩክሬን ደግሞ በ2017 ዜጎቻቸው ያለ ቪዛ ሸንገን (ጀርመን ያለችበት፣ በአንድ ቪዛ የሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች) እንዲገቡ ሲፈቀድላቸው ባዮሜትሪክ፣ ማለትም ባለ ቺፕ ፓስፖርት መያዝ ግዴታ ነበር። ሰው ያንን ሰምቶ ቺፕ ማለት ነጻ መግቢያ ነው ብሎ ተረዳው። እነሱ ግን ያገኙት ከአውሮፓ ኅብረት ጋር ለዓመታት ተደራድረው ነው። እናትሽ የትኛውንም ብትይዝ ቪዛ ያስፈልጋታል።

አሮጌው አያስገባም የሚለውም ልክ አይደለም። ሸንገን የሚጠይቀው ፓስፖርቱ ባለፉት 10 ዓመታት ውስጥ የተሰጠ እንዲሆን፣ ከዚያ አገር ከምትወጣበት ቀን በኋላም ቢያንስ 3 ወር እንዲቀረው ነው። የእናትሽ ይሄን ያሟላል።

አሁን ወደ ቺፑ። ውስጡ ምን አለ? ገጹ ላይ በዓይንሽ የምታነቢው ነገር ራሱ አለ፦ ስም፣ የልደት ቀን፣ ጾታ፣ ዜግነት፣ የፓስፖርት ቁጥር፣ የሚያበቃበት ቀን። ፎቶው አለ። አንዳንድ አገር አሻራ ይጨምራል። ባንክ የለም፣ ያለሽበትን ቦታ የሚናገር ነገርም የለም። ቺፑ ባትሪ ስለሌለው ብቻውን ምንም አያስተላልፍም፣ ኃይል የሚያገኘው ከማንበቢያ ማሽኑ ነው። ደግሞ ማሽኑ ገና ሲጠጋው ዝም ብሎ አይከፈትም። መጀመሪያ ፓስፖርቱ ተገልጦ ከፎቶው በታች ያሉት ሁለት መስመሮች መነበብ አለባቸው። እዚያ ካሉት የፓስፖርት ቁጥር፣ የልደት ቀንና የሚያበቃበት ቀን ተነስቶ ነው ቁልፉ የሚሠራው። ቦርሳ ውስጥ የተዘጋ ፓስፖርት በታክሲ ውስጥ አጠገብሽ የተቀመጠ ሰው በስልኩ ገልብጦ አይወስደውም። ለእማማ ይሄን ንገሪልኝ፣ ይተኙ።

አንድ ነገር ላስተካክል ደግሞ። «የወረቀት ፓስፖርት» ስንል ሁለት የተለያየ ነገር እየቀላቀልን ነው። በጣም የድሮው በእጅ የሚሞላው ነው፣ ፎቶው በሙጫ የሚለጠፍበት። ከሱ ቀጥሎ የመጣው ከታች ሁለት የማሽን መስመር ያለው ነው፣ እያንዳንዱ መስመር 44 ፊደልና ቁጥር። የእናትሽ ይሄኛው ነው። በእጅ የሚጻፈውማ እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 24 ቀን 2015 በኋላ ለዓለም አቀፍ ጉዞ እንዳያገለግል ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ቀን ቆርጦለት ነበር። ሦስተኛው ነው ባለ ቺፑ። ሽፋኑ ላይ ትንሽ አራት ማዕዘን፣ መሐሉ ላይ ክብ ያለበት ምልክት ካየሽ ቺፕ አለው ማለት ነው። ፓስፖርት ስታወጪ አሻራ ስለሰጠሽ ብቻ ፓስፖርትሽ ባለ ቺፕ ነው ማለት አይደለም፣ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል።

የልደት ዓመቱ ግን ያሳስበኛል። እሱን የሚያውቅ ሰው ቢመልስ ይሻላል።


ካዛንቺስ_ልጅ፦

እኔ ለወረቀት ነው የምከራከረው። ሰዎች አዲስ ነገር ስለመጣ ብቻ አሮጌውን ታጣጥላላችሁ። ወረቀት መብራት አይጠይቅም። ኔትወርክ አይጠይቅም። ባለፈው አንድ ትራንዚት ኤርፖርት ላይ የኢ-ጌቱ (ፓስፖርት በማሽን እያነበበ የሚያሳልፈው በር) ሲስተም ወድቆ ሁለት ሰዓት ቆመናል፣ ሰው በረራ እያመለጠው ያለቅስ ነበር። መጨረሻ ላይ ያዳነን ምንድነው? አንድ ሽማግሌ ፖሊስ መጥቶ እየገለጠ እያየ፣ ፊታችንን እያየ፣ ማህተም እየመታ አሳለፈን። ዓይንና ወረቀት።

ቺፑ ቢበላሽስ? ልብስ ኪስ ውስጥ ተረስቶ ቢታጠብስ? ያን ጊዜ ሰውየው ፓስፖርት የለውም ማለት ነው?


ሰርኪዩት፦

@ካዛንቺስ_ልጅ ስለ ሲስተሙ መውደቅ ያልከው እውነት ነው፣ አልከራከርህም። ግን ያ ሽማግሌ ፖሊስ የገለጠው ራሱ ባለ ቺፑን ፓስፖርት ነው እኮ። ኢ-ፓስፖርት ወረቀቱን አላስቀረም። ገጹ አለ፣ ፎቶው አለ፣ ቺፑ የተጨመረ ነው። ለምሳሌ አሜሪካ ቺፑ ባይሠራም ፓስፖርቱ ጊዜው እስኪያልቅ ሕጋዊ እንደሆነ በግልጽ ትናገራለች። ኢ-ጌቱን ትተህ ሰው ያለበት መስኮት ጋ ትሄዳለህ።

ቺፑ ለምን አስፈለገ ለሚለው ግን አንድ ነገር ልበል። ድሮ ከምኒልክ ግቢ የወጣ ደብዳቤ እውነተኛነቱ የሚታወቀው በምን ነበር? «ሞዓ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» የሚለው ማህተም ስላለበት ነው። ማህተሙን የሚያውቅ ሰው ደብዳቤውን ያምናል። ችግሩ ማህተሙ ከታች ሳይነካ ከላይ ያለውን ጽሑፍ ፍቆ መቀየር ይቻል ነበር። ፓስፖርትም እንዲሁ ነው። የድሮው ላይ ማህተሙ ግማሹ ፎቶው ላይ ግማሹ ወረቀቱ ላይ ያርፍ ነበር፣ ፎቶ እንዳይቀየር። ሙያው ያለው ሰው ግን በምላጭ አንስቶ የሌላ ሰው ፎቶ ያስገባበት ነበር።

የቺፑ ማህተም በሒሳብ የተሠራ ነው። አገሩ በሚስጥር ቁልፉ ቺፑ ውስጥ ባለው መረጃ ሁሉ ላይ ይፈርምበታል። ከስሙ አንድ ፊደል፣ ከፎቶው አንዲት ነጥብ ብትቀይር ፊርማው አይገጥምም፣ ማሽኑም ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ2006 ላስ ቬጋስ ውስጥ አንድ ጀርመናዊ ባለሙያ ቺፕ ገልብጦ አሳይቶ ዓለም ተንጫጭቶ ነበር። እውነት ነው፣ ገልብጦታል። መረጃውን ቀይሮ ፊርማው እንዲገጥም ማድረግ ግን አልቻለም። የሌላ ሰው ፊት ያለበትን ቅጂ ይዘህ ደግሞ ካሜራ ፊት ብትቆም አይጠቅምህም። መገልበጥንም ለመከላከል ሌላ መቆለፊያ ያላቸው ቺፖች አሉ።

ድክመቱንም ልናገር። ፊርማው ሊረጋገጥ የሚችለው የምትገባበት አገር የአገርህን የሕዝብ ቁልፍ፣ ማለትም ፊርማውን ለማረጋገጥ ለሌሎች የሚሰጠውን ቁልፍ፣ ሲያውቀው ነው። ለዚህ ቁልፎች የሚሰባሰቡበት ዓለም አቀፍ ማውጫ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ አለ፣ ሁሉም አገር ግን አልገባበትም። ቁልፉን ካላወቁት ቺፕህ ቢኖርም ለዚያ ፖሊስ ከወረቀት ብዙም አይለይም።


ከአሌክሳንድሪያ፦

እኔ በዕድሜ ከብዙዎቻችሁ ሳልበልጥ አልቀርም፣ አሜሪካ 40 ዓመት ሊሞላኝ ነው። የቴክኒኩን ለልጆቹ ልተወው። እኔ ግን የማወራው በእጅ ስለተጻፈው ነው።

ከኢትዮጵያ የወጣሁበት ፓስፖርት አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ስሜ በሰማያዊ ቀለም፣ በሚያምር የእጅ ጽሕፈት ተጽፏል። የጻፈው ሰው ማን እንደሆነ አላውቅም፣ ግን ጊዜ ወስዶ እንደጻፈው ያስታውቃል። ፎቶዬ ላይ አፍሮ ነኝ። የመውጫ ቪዛውም እዚያው ላይ ተመትቷል። በደርግ ጊዜ ፓስፖርት መያዝ ብቻውን አያወጣህም ነበር፣ ለመውጣትም ከራስህ መንግሥት ፈቃድ ማግኘት ነበረብህ። ያቺን ማህተም ለማግኘት ስንት ወር እንደተመላለስኩ፣ ስንት ሰው እንደለመንኩ እኔ ነኝ የማውቀው። አባቴ ቦሌ ሊሸኘኝ ሲመጣ ፓስፖርቱን ከእጄ ተቀብሎ ያቺን ገጽ ብቻ ገልጦ ረጅም ጊዜ አያት። መልሶ ሲሰጠኝ ምንም አላለም። ከዚያ በኋላ አላየሁትም፣ በሕይወት ሳልደርስበት አረፈ።

አሁን ያለኝ የአሜሪካ ፓስፖርት ባለ ቺፕ ነው፣ እዚህ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ የሚሰጠው ሁሉ እንደዚያ ነው። ፎቶ እንጂ አሻራ ቺፑ ውስጥ የለም። ወደ አዲስ አበባ ስመጣ ከሱ ጋር ቢጫ ካርዴን፣ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያዬን ይዤ እገባለሁ። ፈጣን ነው፣ ጥሩ ነው፣ አልጠላውም። አውሮፓም እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 12 ቀን 2025 ጀምሮ ለውጭ ዜጋ ማህተም መምታቱን እየተወ በኮምፒዩተር መመዝገብ ጀምሯል። ፎቶ ያነሱሃል፣ የገባህበትና የወጣህበት ቀን እዚያ ይቀመጣል። ልጄ ስለሱ ደስ ብሎት ሲነግረኝ እኔ ያቺ የአባቴ ገጽ ትዝ አለችኝ። የልጅ ልጆቼ ፓስፖርት ላይ እንደዚያ የሚታይ ነገር አይኖርም።

ልጄ የአዳማዋ፣ እናትሽ በሰላም ደርሳ የልጅ ልጇን ትቀፍ። የልደት ዓመቱን ነገር ችላ አትበይው።


የአዳማዋ፦

ጋሼ፣ የጻፉትን ሳነብ እንባዬ መጣ። አባትዎን ነፍስ ይማርልን።

@ሰርኪዩት ለእናቴ የባንኩን ነገር አንብቤላታለሁ፣ እፎይ ብላለች። አሻራውን በተመለከተ ግን የሚያውቅ የለም?


ነታንያ፦

ሰላም ከእስራኤል። የኔ አባት ጎንደር አካባቢ ገበሬ የነበረ ሰው ነው፣ ጣቶቹ እንደ እናትሽ ናቸው። እዚህ ባዮሜትሪክ መታወቂያና ፓስፖርት እ.ኤ.አ. ከጁን 2017 ጀምሮ ግዴታ ሆኗል። ከዚያ በፊት ለዓመታት በሙከራ ነበር፣ ሕጉ በ2009 ሲወጣም ብዙ ክርክር ተነስቶበታል። ሰው ያነሳው የነበረው ጥያቄ ስለ ቺፑ አልነበረም። ቺፑማ በኪስህ ነው ያለው። ጥያቄው መንግሥት ጋ በሚቀመጠው ማከማቻ ላይ ነበር፦ ማን ያየዋል፣ ቢሰረቅ የፊት ገጽታና አሻራ እንደ ይለፍ ቃል አይቀየርም። መጨረሻ ላይ ምርጫ ተሰጠ። አሻራዬ ማከማቻው ውስጥ ይቀመጥ ብለህ ከፈቀድክ ሰነዱ 10 ዓመት፣ ካልፈቀድክ 5 ዓመት ይሰጥሃል ተባለ። እኔ አልፈቀድኩም። በየ5 ዓመቱ መሰለፍ ይሻለኛል።

የአባቴ ጣት አልነበበም፣ ሞክረው ሞክረው ፎቶውን ይዘው አለፉ። አልከለከሉትም። ስለዚህ አትጨነቂ።

የልደት ቀን ጉዳይ ግን አባቴም ላይ አለ። ሲገባ ቀኑን የሚያውቅ ስላልነበረ ጃንዋሪ 1 ብለው ጻፉለት። እዚህ ዕድሜያቸው የገፋ ስንት ሰዎች በአንድ ቀን የተወለዱ ሆነው ይኖራሉ።


ሰርኪዩት፦

ነታንያ ያለው በዓለም አቀፉ ደንብም እንደዚያው ነው። ቺፕ ውስጥ ግዴታ የሆነው የፊት ፎቶ ነው፣ አሻራና የዓይን ብሌን ለየአገሩ ምርጫ የተተወ ነው። የአውሮፓ ኅብረት አገሮች እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ አሻራ ይጨምራሉ፣ አሜሪካ አትጨምርም።

የማከማቻው ጥያቄ ለኛም ይሠራል። አገራችን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አላት። ሰው መኖሩን እንኳ አያውቅም። አንብቡት።


አሻራ_ሰብሳቢ፦

እኔ ፋይዳ ምዝገባ ላይ ሠርቻለሁ፣ ብዙ እናቶች በእጄ አልፈዋል። የአዳማዋ፣ እነዚህን አድርጊላት።

ከቀጠሮው በፊት ለአንድ ሳምንት በረኪናና ኦሞ አታስነኪያት፣ ልብስ ሌላ ሰው ይጠብላት። ማታ ማታ ጣቶቿን ቫዝሊን ቀቢያት። በዕለቱ ግን ቅባት እንዳይኖር፣ ለብ ባለ ውሃ ታጥባ በደንብ ትድረቅ። ቅባት ካለ መስታወቱ ላይ ይንሸራተታል፣ በጣም የደረቀ ጣት ደግሞ እየተቆራረጠ ነው የሚታየው፣ መሐሉን መያዝ ነው። ስትጫን በኃይል አትጫን። እናቶች ማሽኑ እምቢ ሲላቸው የበለጠ ይጫናሉ፣ ያኔ መስመሩ ይጨፈለቅና ጨርሶ አይነበብም። ቀስ ብላ ጣቷን ዘርግታ ታስቀምጠው። እጇ እየቀዘቀዘ ከሆነ አሽታ ታሙቀው።

አንድ ነገር ደግሞ። ሲደጋገም እናቶች ያፍራሉ። ጥፋት የሠሩ ይመስላቸዋል። «እጄ ነው የተበላሸው» ብለው ይቅርታ ይጠይቁኝ ነበር፣ ልቤን ይነካኝ ነበር። አብረሻት ግቢ፣ ከተቻለ እጇን ያዢላት።


ትርጉም_ቤት፦

ዋናው ጥያቄ ሳይመለስ ቀርቷል፣ እኔ ልሞክር። ሥራዬ ሰነድ መተርጎም ነው፣ ልደት ካርድ፣ ጋብቻ፣ ትራንስክሪፕት። የእናትሽ ስህተት በሳምንት ሦስት አራት ጊዜ ይገጥመኛል።

ምክንያቱ ቀላል ነው። የኛን ዓመት ወደ ፈረንጁ ስትለውጪ ከመስከረም እስከ ፈረንጅ አዲስ ዓመት ዋዜማ ድረስ ያለው ላይ 7 ትደምሪያለሽ። ከፈረንጅ አዲስ ዓመት በኋላ፣ ማለትም ከታኅሣሥ መጨረሻ ጀምሮ እስከ ጳጉሜ 8 ነው የምትደምሪው። ጥር 1950 ላይ 8 ሲደመር 1958። ኢንተርኔት ቤት ያለው ልጅ 7 ደምሮ 1957 አለው። ቀኑን በትክክል ጃንዋሪ 20 ካለ በኋላ ዓመቱ ላይ ሳተ ማለት ነው።

አሁን እሷ ጋ ያለውን ነገር አስቢው። በ1957ቱ ፓስፖርት ቪዛ ካመለከተች አሥሩም ጣቶቿ አሻራ ይወሰዳል፣ የሸንገን የቪዛ ማከማቻ ውስጥ ይገባል፣ አሻራው ለተከታዩ ማመልከቻ እስከ 59 ወር ድረስ ያገለግላል። ከጎኑ 1957 ተብሎ ይቀመጣል። ከዓመት በኋላ ፓስፖርቷ ሲያልቅ አዲሱን ታወጣለች፣ ፋይዳዋ 1958 ስለሚል አዲሱም 1958 ይሆናል። ቀጥሎ የልጅ ልጇን ልታይ እንደገና ስታመለክት አንድ አሻራ፣ ሁለት የልደት ዓመት። ኮምፒዩተሩ ይሄ ትርጉም ስህተት ነው ብሎ አያስብም። ቪዛ ሰጪው ነው የሚጠይቃት፣ ማስረጃ አምጪ የሚላት፣ ምናልባትም የሚከለክላት።

በእጅ በሚጻፈው ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር ሲገኝ ኃላፊው በብዕር አስተካክሎ፣ ማስታወሻ ጽፎ፣ ማህተም አድርጎበት ይሰጥ ነበር። ሰርኪዩት ያስረዳችሁ ፊርማ ማለት ከእንግዲህ ያ አይቻልም ማለት ነው። አንዴ ከተፈረመ ማንም ገብቶ አንድ ቁጥር አይቀይርም፣ ሙሉ ፓስፖርቱ እንደ አዲስ ነው የሚወጣው። ስህተቱም አብሮ ነው የሚቆለፈው።

ስለዚህ እኔ የምልሽ አሁኑኑ ቀይሪው ነው። ቺፕ ስላለው አይደለም። ዓመቱ የተሳሳተ ስለሆነ ነው። ከቪዛው በፊት። የልደት ካርዷንና ፋይዳዋን አስቀድመሽ አስተያዪ። ስሟ በላቲን ፊደል በሁሉም ላይ አንድ ዓይነት መሆኑን ፊደል በፊደል ተመልከቺ። ስሟ ምን እንደሆነ አላውቅም፣ ግን ለምሳሌ «ወርቅ» ብሎ የሚጀምር ስም ከሆነ አንዱ ሰነድ ላይ በኦ፣ ሌላው ላይ በኢ ተጽፎ አገኛለሁ። እህትሽ ጀርመን የምታዘጋጀው የግብዣ ደብዳቤም በዚያው አጻጻፍ ይሁን። ቅጹን ከመላክሽ በፊት ራስሽ አንብቢው፣ ከዚያ እናትሽ እያነበበች ታረጋግጥ። ፎቶ ስትነሳም ስክሪኑ ላይ ያለውን አሳዩን ብለሽ ጠይቂ፣ አትፍሪ።


የአዳማዋ፦

በእግዚአብሔር፣ ስሟ በእውነት በ«ወርቅ» ነው የሚጀምረው። ሄጄ አየሁት። ፓስፖርቱ ላይ በኦ፣ ፋይዳው ላይ በኢ። እናንተን ባልጠይቅ ምን ይውጠኝ ነበር።


ሰርኪዩት፦

እማማ ፓስፖርታቸውን ካገኙ በኋላ ከታች ያለውን ሁለተኛውን መስመር ተመልከቺው። የአገር ኮዱ ሦስት ፊደል አለ፣ ከሱ ቀጥሎ ያሉት ስድስት ቁጥሮች የልደት ቀን ናቸው፦ ዓመት፣ ወር፣ ቀን። አሁን ባለው ላይ 570120 ይላል። ከሱ ቀጥሎ አንድ ነጠላ ቁጥር አለ፣ ማረጋገጫ ነው። ስድስቱን ቁጥሮች በተራ በ7፣ በ3፣ በ1፣ እንደገና በ7፣ በ3፣ በ1 ታባዣለሽ፣ ትደምሪያለሽ፣ የድምሩን የመጨረሻ ቁጥር ትወስጃለሽ። 35 ሲደመር 21 ሲደመር 0 ሲደመር 7 ሲደመር 6 ሲደመር 0፣ ድምሩ 69። ስለዚህ 9 ነው የሚሆነው። እዪው።


የአዳማዋ፦

9 ነው!


ከጅዳ_የተመለስኩ፦

ይሄን ሁሉ ሳነብ አንድ ነገር አልተነሳም፣ ካልተናገርኩት አይቀለኝም።

እኔ ፓስፖርቴ ምን ዓይነት እንደሆነ ለማወቅ ዕድሉን እንኳ አላገኘሁም። ጅዳ በደረስኩ ቀን አሠሪዬ ከእጄ ወሰደችው። ሁለት ዓመት ከሰባት ወር አላየሁትም። ቺፕ ቢኖረው፣ ወርቅ ቢሆን፣ ቁምሳጥኗ ውስጥ ተቆልፎ ምን ይሠራልኛል? በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያዊ ሲመለስ እኔም አብሬ ተመለስኩ። በምን? በሊሴ ፓሴ፣ ፓስፖርት ለሌለው በሚሰጥ የአገር መግቢያ ሰነድ። አንድ ወረቀት። ፎቶዬ ተለጥፎበት፣ ስሜ ተጽፎበት። ያቺን ወረቀት ደረቴ ላይ ይዤ ነው አውሮፕላን ውስጥ የተቀመጥኩት።

ለአረብ አገር ተጓዦች፣ ለእህቶቻችሁ ንገሩልኝ። ሕጉ እዚያም ቢሆን አሠሪ የሠራተኛን ፓስፖርት እንዲይዝ አይፈቅድም፣ እነሱ ግን ይይዙታል። ከመሄዳችሁ በፊት የፎቶውን ገጽ አንሱት፣ ሁለቱ የታች መስመሮች በግልጽ ይታዩ። ለእናታችሁ ላኩት፣ ለወንድማችሁ ላኩት፣ ስልካችሁ ብቻ ላይ አታስቀሩት ምክንያቱም ስልኩንም ይወስዱታል። ቁጥሩን በቃላችሁ ያዙት። እኔ ቁጥሬን ስለማውቀው ነው ቆንስላው ጋ ስሄድ ቶሎ የተገኘሁት፤ አብራኝ የነበረችው ልጅ ቁጥሯን ስለማታውቅ ተጨማሪ ሦስት ሳምንት መጠለያ ቆይታለች።


ካዛንቺስ_ልጅ፦

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይመስገን በሰላም ገባሽ። የታናሽ እህቴ ቀጠሮ የፊታችን ወር ነው፣ ቤሩት ልትሄድ። ያልሽውን ቁጭ ብዬ አነብላታለሁ። ቁጥሩንም በቃሏ እንድትይዝ አደርጋለሁ።


ናይሮቢ_ሐበሻ፦

ወሬ እየሰማችሁ ለምትሯሯጡ አጭር ነገር ልበል። ኬንያ ኢ-ፓስፖርት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። አሮጌው በዚህ ቀን ያበቃል እየተባለ ቀኑ ስንት ጊዜ ተገፋ፣ መጨረሻው ኖቬምበር 30 ቀን 2022 ሆነ። በእያንዳንዱ ቀን ዋዜማ ሕዝቡ ሌሊት እየተነሳ ይሰለፍ ነበር፣ ደላላው ኪሱን ይሞላ ነበር። አሮጌ ፓስፖርት ያላችሁ፣ ስህተት ከሌለበት፣ ገጽ ካለው፣ ቀን ካለው፣ በሰፈር ወሬ ተነስታችሁ ለደላላ አትክፈሉ። ከራሱ ከመሥሪያ ቤቱ የወጣ ማስታወቂያ እስካላያችሁ ድረስ ተቀመጡ። የአዳማዋ ጉዳይ የተለየ ነው፣ ትቀይር።


የአዳማዋ (ከሁለት ወር ተኩል በኋላ)፦

ሰላም። ብዙዎቻችሁ በውስጥ መስመር ስለጠየቃችሁኝ ነው የተመለስኩት።

የልደት ካርዱንና ፋይዳዋን አስተያይተን፣ የስሟን አጻጻፍ በሁሉም አንድ አድርገን፣ ቅጹን ራሴ ሞላሁት። ከዚያ እናቴ መነጽሯን አድርጋ ፊደል በፊደል አነበበችው፣ ሁለት ጊዜ። አሻራ ስትሰጥ አብሬያት ገባሁ። የግራ እጇ አውራ ጣት እምቢ አለ፣ «እጄ እኮ ነው» ማለት ስትጀምር አሻራ_ሰብሳቢ ያልከው ትዝ አለኝና እጇን ያዝኩላት። ልጁም ትሑት ነበር፣ እማማ ቀስ ይበሉ አላት፣ በሦስተኛው ነበበ።

ትናንት ተቀበልነው። ሽፋኑ ላይ ያቺ አራት ማዕዘን ምልክት አለች። ማታ ቤት ገብተን ወንድሜ በስልኩ ኤንኤፍሲ፣ ቺፕ ሲጠጋው በሚያነበው ነገር፣ አነበበው። መጀመሪያ የታችኛውን መስመር ካሜራው እንዲያነብ አደረገ፣ ከዚያ ስልኩን ሽፋኑ ላይ አስቀመጠ፣ ጥቂት ቆይቶ የእናቴ ፎቶ ስክሪኑ ላይ ወጣ። እናቴ «ይሄው ነው በቃ?» አለች። ባንክ ምናምን የለም፣ እሷና ስሟ ብቻ።

እኔ ደግሞ ሁለተኛውን መስመር ፈለግሁ። 580120። ቀጥሎ 2። ወረቀት ይዤ አባዛሁት፣ 35፣ 24፣ 0፣ 7፣ 6፣ 0፣ ድምሩ 72። ለእናቴ ጣቴን አስቀምጬ ይሄ የቃና ዘገሊላ ዕለት ነው አልኳት። ፓስፖርቱን ተቀብላኝ ከዓይኗ ራቅ አድርጋ ይዛ አነበበችው፣ ከዚያ መሶቡ አጠገብ ካለው ሣጥን ውስጥ ከነጠላዋ ሥር አስቀመጠችው። የቪዛ ቀጠሮዋ የዛሬ ሦስት ሳምንት ማክሰኞ ነው።